የሴኞራ ፒላር ዳቦ በቡራዩ

ከውጭ ሀገር ተምሮ የተመለሰን ሰው ስለ ትምህርቱ የሚጠይቀው የለም፤ የሚጠየቀው ስለ ምግቡ ነው። እኔም የማስትሬት ዲግሪዬን ይዤ ከስፔን የተመለስሁ ሰሞን ዘመድ አዝማድ ከቦኝ «ምን አበሉሽ?» ሲለኝ፣ ስሙ ምላስ የሚያስተሳስር አንድ የባሕር ፍጥረት እንድጠራ ይጠበቅ እንደነበር ከዓይናቸው አነብብ ነበር። እኔ ግን እውነቱን ነገርኋቸው። ድንች በእንቁላል፣ ሽምብራ በቆስጣ፣ ዳቦ በቲማቲም። አክስቴ ከልቧ አዘነች። «ለዚህ ነው ባሕር የተሻገርሽው?» አለችኝ።

እናንተም እንደ አክስቴ ብታስቡ አልቀየማችሁም። ቤት ያከራየችኝ ሴኞራ ፒላር የምትባል ባልቴት ነበረች፤ ከወጥ ቤቷ የተማርሁት፣ እውነት ለመናገር፣ ከምግቡ ይልቅ ሥርዓቱን ነው። ድንቹ በስሱ ተቆርጦ በብዙ ዘይት፣ በትንሽ እሳት፣ ያለ ጥድፊያ ይለሰልሳል። ሽንኩርቱ ይከተላል። የተመታው እንቁላል ከድንቹ ጋር ጥቂት ደቂቃ ካረፈ በኋላ ወደ መጥበሻው ይመለሳል፤ አንዱ ገጽ ሲረጋ በሰሐን ይገለበጣል። ዳቦው ከዚህም ይቀልላል፦ ይጠበሳል፣ ነጭ ሽንኩርት ይታሽበታል፣ የበሰለ ቲማቲም ለሁለት ተከፍሎ እላዩ ላይ ይፈተጋል፣ ዘይትና ጨው ጠብ ይደረግበታል፣ አለቀ። ትዳር ይዤ ቡራዩ ስገባ የሰባቱን ቀን ምግብ በሠንጠረዥ አዘጋጅቼ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍሁ፤ ዓርብን ለስፔን ሰጠሁ። ባለቤቴ መስፍን ሠንጠረዡን ከላይ እስከ ታች አንብቦ «የምራብበት ሰዓት አልተጻፈም» አለኝ።

እንግዲህ ፕላን የምወድ ሴት ነኝ። ያን ሰሞን ግን ቃሉን በሰፈራችን ጮክ ብሎ መጥራት አያስመኝም ነበር። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ከተማውን እየገፋ የገበሬውን ማሳ ሊውጥ ነው ተብሎ ቡራዩም፣ ሰበታም፣ ሱሉልታም በተቃውሞ ይናጡ ነበር። ጎረቤታችን ኦቦ ለሚ ቤታችን የቆመበት መሬት ድሮ የጤፍ ማሳቸው የነበረ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ቀን ጋዜጣ ላይ የወጣ ካርታ ይዘው መጡና «አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ እኔ የቱ ጋ እንዳለሁ አሳዪኝ» አሉኝ። ካርታውን አዟዙሬ አየሁት። መንገድ አገኘሁ፣ አረንጓዴ ቀለም አገኘሁ፤ ኦቦ ለሚን አላገኘሁም። እንዳላገኘኋቸው ሳልደብቅ ነገርኋቸው። ካርታውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን «ልጄ» ይሉኝ ጀመር።

ነገሩ የሆነው ዓርብ ዕለት ነው። መስፍን በጠዋት ለሥራ ወደ ከተማ ሄዷል፤ እኔ የዓመት ፈቃድ ላይ ነበርሁ። ረፋዱ ላይ የአምቦ መንገድ በድንጋይና በሚነድ ጎማ ተዘጋ። ስልክ ተቋረጠ። ከሩቅ ተኩስ ተሰማ። ስድስት ሰዓት ገደማ ከከተማ በእግሯ የገባች አንዲት የሰፈራችን ሴት፣ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞቻቸውን በጊዜ እንዳሰናበቱ ነገረችን። ወዲያው እርሳስ አንሥቼ አሰላሁ። እስከ አስኮ ታክሲ ቢያገኝ፣ ቀሪውን በእግሩ ቢመጣ፣ መንገድ ላይ ቢጉላላ፣ ቢበዛ ዘጠኝ ሰዓት ይገባል። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። መስፍን አልገባም። ሰው እየጠበቃችሁ ስሌታችሁ አልቆባችሁ የሚያውቅ ከሆነ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ደቂቃ በሰዓት እንደማይለካ ታውቃላችሁ።

እጄ ሥራ ሲፈታ አእምሮዬ ክፉ ክፉውን ይሠራል፤ ስለዚህ ድንች መላጥ ያዝሁ። መጥበሻው ላይ ሳለ በሩ ተንኳኳና ከጠዋት ጀምሮ ሌላ ጎረቤት ዘንድ የቆዩት የኦቦ ለሚ ባለቤት አዴ ጫልቱ ገቡ። በእኛ ሰፈር ክፉ ቀን ሰው የምትጠብቅ ሴት ብቻዋን አትተውም። «ባልሽ እስኪገባ አልነሣም» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው በሩ ሥር ተቀመጡ።

እንቁላሉን በሰሐን ገለበጥሁት። ሳይሰበር፣ ሳይጠቁር፣ እንደ ጨረቃ ክብ ሆኖ ወጣ። ቆርሼ አቀረብሁላቸው። አዴ ጫልቱ አዩት፤ አሸተቱት፤ እኔን አዩኝ።

«ልጄ፣ ይሄ እንቁላል አይደል?»

«አዎን፣ እማማ።»

«ዓርቡስ ዓርብ ነው፣ እሺ። የነቢያትንስ ጾም ምን አደረግሽው?»

ለሁሉም ነገር ሠንጠረዥ ያላት ሴት ለጾም ዓምድ እንዳላበጀች ያን ጊዜ ገባት። የነቢያትን ጾም በልቤ ከማክበር አልፌ እንደማላውቅ ልነግራቸው አልደፈርሁም። ሰሐኑን አንሥቼ ወደ ዳቦው ዞርሁ፤ የወይራ ዘይት ስላልነበረኝ የኑግ ዘይት አወጣሁ። ቲማቲሙን ዳቦው ላይ ስፈትግ «ታጥቢዋለሽ እንዴ?» ብለው ሳቁ። ቀመሱት። ሁለተኛውን ሳላቀርብላቸው አነሡት፤ ይህን ያህል ከጣፈጣቸው ሴኞራ ፒላርም በኑግ ዘይቱ አትቀየመኝም።

«ሽማግሌው ይሄን ቢቀምስ» አሉ ቀጥለው። «እህል ሳይነካ ነው የዋለው። እኔ ካላቀረብሁለት ድስት አይከፍትም።»

ይውሰዱላቸው ብላቸው፣ አንቺን ትቼ ንቅንቅ አልልም አሉ። ቤታቸው ከጓሯችን ጀርባ ነው፤ መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። እሳቸው እኔን ጥለው አይሄዱም፤ እኔ ደግሞ ለእኔ ሲሉ ኦቦ ለሚ ጾማቸውን እንዲውሉ አልፈልግም። በመጨረሻ አብረን ልንሄድ ተስማማን። «አሥር ሰዓት ከሃያ፤ ኦቦ ለሚ ቤት ነኝ» የሚል ወረቀት በሩ ላይ ለጠፍሁ፣ ዳቦውን በንጹሕ ፎጣ ሸፈንሁና በጓሮ በኩል ወጣን።

የኦቦ ለሚን አጥር ስናልፍ፣ ደጃፋቸው ካለው አግዳሚ ላይ፣ ጫማው አቧራ ለብሶ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አኑሮ፣ መስፍን ተቀምጧል።

ሰሐኑን አልጣልሁትም። ለምን እንዳልጣልሁት ዛሬም አላውቅም።

ከስምንት ሰዓት ተኩል ጀምሮ እዚያው ነበር። አስፋልቱ ሲዘጋ በማሳው በኩል ሲያቋርጥ ኦቦ ለሚ አይተውት፣ ወደ ቤታችን መታጠፊያው ላይ ግርግር አለ ብለው ጎትተው አስገቡት። ግርግሩ ጋብ ሲል ሊሄድ ተነሣ። በእንዲህ ያለ ቀን ደጄን የረገጠ ሰው እህል ሳይቀምስ አይወጣም፣ «ታኢ» አሉት፤ ተቀመጥ ማለታቸው ነው። እህሉን የምታቀርበው ጫልቱ ናት፤ ጫልቱ ደግሞ አሁን ትመጣለች። ጫልቱ አልመጣችም። ሚስቴ ትጨነቃለች ብሎ ቢለምናቸው «ሚስትህ የተማረች ናት፤ ታውቃለች» ብለው መለሱለት።

አዴ ጫልቱ ወገባቸውን ያዙ። «አንተ ሽማግሌ፣ እኔ ባሏን ስጠብቅላት አንተ እዚህ አስረኸዋል?»

«አንቺስ እንግዳ አስቀምጠሽ የት ዞርሽ?» አሉ ኦቦ ለሚ፤ ጥፋቱ የእሳቸው እንደሆነ የሚያሳይ አንድም ምልክት ፊታቸው ላይ አልነበረም።

ለሁለት ሰዓት ያህል፣ በመቶ እርምጃ ርቀት፣ አራት ጨዋ ሰዎች እርስ በርስ ስንጠባበቅ ውለናል። ልቆጣ ፈልጌ አፌን ከፈትሁ፤ የወጣው ግን ሳቅ ነበር፤ ቀጥሎም ሳቅ ያልሆነ ነገር መጣና ፊቴን ዳቦው በተሸፈነበት ፎጣ ጠረግሁ። መስፍን «ደኅና ነኝ እኮ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ ሁለት ጊዜ።

ዳቦው ተበላ። ኦቦ ለሚ አምስት ቁራሽ በልተው «ጥሩ ነው፤ እንጀራ ግን አይደለም» ብለው ፈረዱ። ተመስገን ብዬ የባሌን ክንድ ይዤ ስነሣ ግን ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ።

«ወዴት? ይሄ የራሷ የሚስትህ ምግብ ነው። የእኛን መች ቀመስህ?»

አዴ ጫልቱ ወዲያው ሽሮ ሊሠሩ ገቡ። መስፍን በልምምጥ አየኝ፤ አንድ ነገር በያቸው ማለቱ ነው። እኔ ግን አግዳሚው ላይ ከጎኑ ተመቻችቼ ተቀመጥሁ። ሽሮው እንደ ልቡ ይዘግይ። ኦቦ ለሚ እያሉ ባሌ የትም አይሄድም።