ኮፒ ማሽኑ ያደረቀው ሐይቅ

ሌሎች አገሮች አንድ ሐይቅ ለማድረቅ ስንት ዓመትና ስንት ማሽን እንደፈጀባቸው በየመጽሐፉ ተጽፏል። የከተማ ፕላን ባለሙያዎች ብቃት አረጋጋጭ ኮሚቴ ግን ይህንን ታላቅ ሥራ በአንድ ኮፒ ማሽን፣ ከምሳ ሰዓት በፊት፣ አንድም ዓሣ ሳይጎዳ አከናውኗል።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። ኮሚቴው ለፈተና የሚሆን የአንዲት ከተማ ካርታ አስፈለገው። ተፈልጎ ተገኘ፤ ያማረ፣ ባለቀለም ካርታ። ምስጢር እንዳይባክን የከተማዋ ስም ተቆረጠ፤ የመንገዶቹ ስም ተቆረጠ፤ ሰሜን ወዴት እንደሆነ የምታመለክተው ቀስት ሳትቀር ተቆረጠች። ከዚያ ካርታው ለኮፒ ተሰጠ። ኮፒ ማሽን ደግሞ ጥቁርን እንጂ ፈዛዛ ሰማያዊን የማያይ ፍጥረት ነው። መንገዱ ወጣ፣ ቤቱ ወጣ፣ የእርሻው ድንበር ወጣ። ከሃያ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው ውሃ ግን ንጹሕ ነጭ ወረቀት ሆኖ ቀረ። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ አምሳሉ ነጩን ቦታ በአድናቆት ተመልክተው በዚያው ዕለት ስድስተኛውን ጥያቄ በእጃቸው ጻፉ፦ «በካርታው መካከል በሚታየው ባዶ ቦታ ላይ ሦስት ሺህ የመኖሪያ ቦታ፣ አንድ ገበያና አንድ መናኸሪያ ሸንሽኑ። ስድሳ ነጥብ።»

ካርታው ሐይቅ የምትባለው የወሎ ከተማ ካርታ ነበር። ፈተናውም የተሰጠው እዚያው ሐይቅ ከተማ፣ ውሃው ዳር በተሠራ የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ነው። ኮሚቴው ይህንን መገጣጠም አላወቀም። ስሙን ራሱ ቆርጦ ፖስታ ውስጥ ስላሸገው ከምስጢሩ የተጠበቀው በመጀመሪያ እሱ ነበር።

ከተፈታኞቹ አንዷ ኢልሀም ናት። ስሙን መጥራት በማያስፈልግ የከተማዋ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ስድስት ዓመት የፕላን ባለሙያ ሆና ሠርታለች። ከዚያ በፊት አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምራለች። ከዚያም በፊት ያንን ሐይቅ ዋኝታበታለች፣ ልብስ አጥባበታለች፣ አንድ ጊዜም ልትሰምጥበት ደርሳለች። እነዚህ ሁሉ ግን ብቃት ሳይሆኑ ልምድ ይባላሉ። ብቃት ማለት ሰርተፍኬት ነው፤ እስከ ሰኔ ሠላሳ ሰርተፍኬት ያላቀረበ ባለሙያ ከመደቡ ተነሥቶ መዝገብ ቤት ፋይል እንዲያመላልስ ደብዳቤ ወጥቷል።

ፈተናው ጥር ላይ ነበር። አንደኛው ጥያቄ «በካርታ ላይ ውሃ በምን ቀለም ይወከላል?» የሚል ነው። «ሰማያዊ» ብላ መለሰች። ሦስተኛው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች በስንት ሜትር መራራቅ እንዳለባቸው ይጠይቃል። በከተማዋ ከምድር በታች የሚመላለስ ነገር ቢኖር ፍልፈል ነው፤ ቢሆንም መጽሐፉ ያለውን መለሰች። ስድስተኛው ላይ ስትደርስ ፈታኟ ወይዘሮ ተሻለች ተነሥተው መጋረጃውን ይዘጉ ጀመር።

ኢልሀም እጇን አወጣች። «መጋረጃው ለምን ይዘጋል?»

«ኩረጃ እንዳይኖር።»

«ከሐይቁ ነው የምንኮርጀው?»

«ዝም ብለሽ ሥሪ፣ እህቴ። ወደ ውጭ ማየት ክልክል ነው።»

ኢልሀም ካርታውን ወደ ግራ አዞረችው፣ ወደ ቀኝ አዞረችው። ገልብጣ ስታየው ገዳሙ ያለበት፣ እንደ ምላስ ወደ ውሃው የገባው መሬት ብቅ አለ። ከሱ ወዲህ የደሴ ወልድያ መንገድ። ከመንገዱ ወዲህ ቁልቁል የወረደች ቀጭን መስመር፣ እናቷ ቤት የምታደርሰው ኮረኮንች። ነጩ ቦታ ላይ አልሸነሸነችም። በትልልቅ ፊደል እንዲህ ብላ ጻፈችበት፦ «ይህ ባዶ ቦታ አይደለም። ሐይቅ ነው። የተጠራጠረ መጋረጃውን ይግለጥ።»

ውጤቱ ሲለጠፍ ኢልሀም ሠላሳ ስምንት አገኘች። ከቀሩት አምስት ጥያቄዎች አርባ ነጥብ ውስጥ ማለት ነው፤ ስድስተኛው ላይ ዜሮ። መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ለጠረጴዛ የሚቀመጠው፣ ወንዱ የሚባለው ባልደረባዋ ዘጠና አራት አመጣ።

«መናኸሪያውን የት አደረግኸው?» አለችው።

«መሃል ላይ።»

«መሃሉ እኮ ሰማንያ ሜትር ጥልቀት አለው!»

«የመናኸሪያ ቦታ ከሁሉም ሰፈር እኩል መራቅ አለበት፣ ኢሉ። መሃል ነው እኩል የሚርቀው።»

«ሐይቅ መሆኑን አላወቅህም?»

«እንዴት አላውቅም? ስታዞሪው እያየሁሽ እኔም አዞርሁት።» ወንዱ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሐይቁን አውቀዋለሁ። ግን አልተጠየቅሁም።»

እንዲህ ያለ ሰው ሳይሾም አያድርም። በሳምንቱ ወንዱ የቡድን መሪ ሆነ።

ኢልሀም ቅሬታ አቀረበች። ቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ ፈታኙ ኮሚቴ ራሱ ነው፤ ይህም ባለጉዳይ ሁለት ቦታ እንዳይጉላላ የታሰበ ነው። ጉባኤው እዚያው አዳራሽ ተቀመጠ። ዛሬ ፈተና ስላልሆነ መጋረጃው ተገልጧል። አቶ አምሳሉ ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተዋል፤ ከኋላቸው ሐይቁ ከጆሮ እስከ ጆሯቸው ያብረቀርቃል።

«ካርታው ላይ ሐይቅ አለ?» ሲሉ ጠየቁ።

«የለም። ኮፒ ሲደረግ ሰማያዊው ጠፍቶ ነው።»

«የለም ብለሻል። በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።»

«አቶ አምሳሉ፣ እባክዎ አንድ ጊዜ ዞር ይበሉ። ከኋላዎ ነው።»

አቶ አምሳሉ አልዞሩም። የሕግ ሰው ባይሆኑም ሕግ አክባሪ ናቸው። «መስኮት የመረጃ ምንጭ ተብሎ በመመሪያው አልተጠቀሰም» አሉ። «ባለሙያ የሚሠራው በተሰጠው ካርታ ነው። ዛሬ ሐይቅ አየሁ ካልሽ ነገ ተራራ አየሁ ትያለሽ። ፕላን እንዲህ በዓይን እየታየ የሚሠራ ከሆነ ፈተናው ምን ያደርጋል?»

ለዚህ ጥያቄ እስከ ዛሬም መልስ ያገኘ የለም። ቅሬታውም ውድቅ ሆነ።

በዚያ ቀን በእግሯ ወደ ውሃው ወረደች። የሰፈራቸው ዓሣ አስጋሪ አያ ሱሩር መረባቸውን ዘርግተው የተበጠሰውን ይቋጥራሉ። እየተናደደች ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ሦስት ሺሁን ቤት፣ ገበያውን፣ ሰኔ ሠላሳን፣ መዝገብ ቤቱን።

«እና አንች እንቢ አልሽ?» አሉ።

«እንዴ! ውሃ ላይ ቤት ልሥራላቸው?»

«ሥሪላቸዋ! ምን ቸገረሽ? ውሃው እንደሁ እሽ ብሎ አይቆፈር። ዓሣው እንደሁ ቤት አይከራይ።» አያ ሱሩር ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። «እነሱ ሐይቁን ካላዩት ሐይቁ ምን አጣ? ሥራሽን የምታጭው አንች። ወላሂ፣ እኔ ብሆን መስጊድና ትምህርት ቤትም እጨምርላቸው ነበር።»

ግንቦት ላይ ሁለተኛው ዙር ተሰጠ። ጥያቄው ያው፣ ካርታው ያው፣ ወይዘሮ ተሻለችም ያው መጋረጃ። ኢልሀም እርሳሷን ቀርጻ ነጩን ቦታ ሸነሸነችው። ሦስት ሺህ ቦታ ብቻ ሳይሆን አራት ሺህ አወጣች። ገበያውን፣ መናኸሪያውን፣ መስጊዱን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ትምህርት ቤቱን አስቀመጠች። እምብርቱ ላይ፣ የአያ ሱሩር መረብ መሬት ነክቶ የማያውቅበት ቦታ ላይ፣ ሰፋፊ ግቢዎች ከፍላ «ለከፍተኛ ባለሙያዎች መኖሪያ» ብላ ሰየመችው። ከሥሩም ማብራሪያ ጻፈች፦

«ቦታው ፍጹም ሜዳ ነው። ዛፍም ሆነ ድንጋይ የለበትም። የሚነሣ ገበሬ ስለሌለ ካሳ አይጠይቅም። የወሰን ክርክር ተነሥቶበት አያውቅም። ነፋሻማ ነው። ነዋሪዎቹ የውሃ እጥረት አይገጥማቸውም።»

ከጻፈችው ውስጥ አንድም ሐሰት አልነበረም። ዘጠና ስምንት አገኘች። ሁለቱ ነጥብ የተቀነሰው የመዝናኛ ሐይቅ ስላላካተተች ነው።

ሰኔ አሥራ ሁለት ቀን ሰርተፍኬቷን መሥሪያ ቤቷ አስገባች፤ መደቧም ተረፈላት። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ የአንዲት ሴት ዕድል ሆኖ ይቀር ነበር። ግን አቶ አምሳሉ ማብራሪያውን ሦስት ጊዜ አነበቡት። «የሚነሣ ገበሬ የለም» የምትለዋን ደግሞ አራተኛ ጊዜ። በወሎ ምድር፣ አስፋልት አጠገብ፣ ገበሬ የሌለበት ሜዳ! ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ ኮሚቴው ደግሞ መቆጨት አይወድም። ፕላኑ በአስቸኳይ ጉባኤ «ሞዴል ፕላን» ተባለ። የኮሚቴው አባላት በዚያው ጉባኤ የመኖሪያ ቤት ሠሪዎች ማኅበር ሆኑ። የታሸገው ፖስታ ተቀዶ የከተማዋ ስም ሲነበብ አቶ አምሳሉ በደስታ ጠረጴዛውን መቱ። «ሐይቅ! እዚያው እኮ ነው የምንፈትነው! እንዲህ ያለ ሜዳ እንዳለ እንዴት ሳናይ ቀረን?»

የማኅበሩ የቦታ ጥያቄ ወደ እነ ኢልሀም መሥሪያ ቤት መጣ። ኢልሀም ወረቀቱን ይዛ ወንዱ ዘንድ ገባች።

«ትፈርማለህ?»

«ሞዴል ፕላን ነው። የተመሰከረላት ባለሙያ ሠርታዋለች።»

«እኔ ነኝ የሠራሁት!»

«እሱን ነው የምልሽ» አለና ወንዱ ፈረመ። ማኅተሙንም መታ።

ዕጣ ወጣ። የቀሩት አባላት ዳር ዳሩ ሲደርሳቸው አቶ አምሳሉ እንደ ማዕረጋቸው እምብርቱ ላይ አምስት መቶ ካሬ ደረሳቸው። ክረምቱ ሲያልፍ፣ መስከረም አጋማሽ ላይ፣ የቦታቸውን ካርታ በፕላስቲክ አስለብጠው፣ አራት የወሰን ድንጋይ በባጃጅ አስጭነው መጡ። ወሰኑን እንድታሳያቸው ኢልሀም ተመደበች። ሰርተፍኬት አላትና።

ቁልቁል ወረዱ። ዳር ሲደርሱ ኢልሀም አያ ሱሩርን ጠራች፤ ድንጋዮቹ ጀልባው ላይ ተጫኑ።

«ቦታው ከሐይቁ ማዶ ነው?» አሉ አቶ አምሳሉ እግራቸውን እየሰበሰቡ።

«ማዶ እንኳ አይደለም፤ ቅርብ ነው» አለች ኢልሀም።

አያ ሱሩር ቀዘፉ። ከተማው እያነሰ፣ ውሃው እየጠቆረ ሄደ። ኢልሀም ስልኳ ላይ ያሉትን ቁጥሮች ካርታው ላይ ካሉት ጋር እያስተያየች ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደፊት ስትል ቆየችና እጇን አነሣች።

«ደረስን።»

አቶ አምሳሉ ዙሪያውን ቃኙ። «የታለ?»

«ቦታዎ ላይ ነን። ትንሽ ወደ ታች ነው።»

«ይሄ… ይሄ ውሃ ነው!»

«አብሽሩ፣ ጌታው» አሉ አያ ሱሩር። «ድንጋዩን እኔ እጥልልዎታለሁ። መሬት ለመድረስ ጊዜ ይወስዳል እንጅ ይደርሳል።»

አቶ አምሳሉ የጀልባውን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ያዙ። «ኢልሀም፣ እህቴ፣ አንቺ ባለሙያ ነሽ። ሐይቅ መሆኑን አንድ ገጽ ጽፈሽ ፈርሚልኝ። በሌላ ቦታ ይለውጡልኝ።»

«ካርታዎ ላይ ሐይቅ አለ?»

«የለም፤ ግን ይኸው እያየሁት!»

«የለም ብለዋል» አለች ኢልሀም። «ዓይን የመረጃ ምንጭ ተብሎ በመመሪያው አልተጠቀሰም። በስድስት ወር ውስጥ ግንባታ ካልጀመሩ ግን ቦታው ይነጠቃል። እሱ ተጠቅሷል።»

አያ ሱሩር የመጀመሪያውን ድንጋይ ለቀቁት። ጠብ አለና ጠፋ።

ስህተቱን ያመነ ሰው ትልቅ ሰው ነው። አቶ አምሳሉ ግን ከዚያም ይበልጣሉ፤ ስህተቱን የካርታው አደረጉት። በጥቅምት «የካርታ ማስተካከያ ልዩ ጉባኤ» ጠሩ። ኢልሀም በተረጋገጠ ባለሙያነቷ ተጋበዘች። ባለቀለሙ የት እንደገባ ስላልታወቀ ከኮፒዎቹ አንዱ «ዋናው ካርታ» ተብሎ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ። አቶ አምሳሉ ስለ ሙያ ሥነ ምግባር ሃያ ደቂቃ ተናገሩ። ውሃና እውነት ተደብቀው አይቀሩም አሉ። ተጨበጨበ። ከዚያ እጀታቸውን ሰብስበው ፈዛዛ ሰማያዊ እርሳስ አነሡና ነጩን ቦታ በገዛ እጃቸው፣ በጥንቃቄ፣ ዳር ዳሩን ሳያልፉ መቀባት ጀመሩ።

ኢልሀም ከቦርሳዋ ጥቁር እስክሪብቶ አወጣች። «አቶ አምሳሉ፣ በጥቁር እስክሪብቶ ጠርዙን ላስምረው። መሃሉ ላይም ‹ሐይቅ› ተብሎ ይጻፍ።»

«በጥቁር?» አቶ አምሳሉ ቀና ሳይሉ ፈገግ አሉ። «ውሃ በካርታ ላይ በምን ቀለም ይወከላል፣ ወይዘሪት ኢልሀም?»

«በሰማያዊ።»

«አንደኛ ጥያቄያችን ነው። አንቺም ሁለቱንም ጊዜ በትክክል መልሰሽዋል።»

ኢልሀም እስክሪብቶዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሐይቁ ተቀብቶ አለቀ፤ በእርግጥም ያምር ነበር። ቃለ ጉባኤው ተፈረመ፤ ምስጢር እንዳይባክን ወይዘሮ ተሻለች መጋረጃውን ዘጉ፤ ካርታውም ለቀጣዩ ዙር ፈተና አራት መቶ ኮፒ እንዲወጣለት ወደ ማሽኑ ተላከ።