የጭድ ተራ የባህር ወንበዴዎች

መርካቶ የማይገኝ ነገር የለም ይባላል። እውነት ነው። ከመርፌ እስከ መኪና ሞተር፣ ከሠርግ ቀሚስ እስከ ከፈን ዞሮ የፈለገ ሰው ያገኛል። ያጣ እንደሆነ ደግሞ «ነገ ና፣ ይገባል» ይባላል እንጂ «የለም» የሚል ነጋዴ እኔ በበኩሌ አላየሁም። ተወልጄ ያደግሁት መሳለሚያ ነውና በዚህ እመኑኝ። እኛ ከዚህ ሁሉ ገበያ የፈለግነው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ባህር።

ያን ሰሞን ሬዲዮው ጧትና ማታ የሚያወራው በሶማሊያ በኩል መርከብ ስለሚጠልፉ የባህር ወንበዴዎች ነበር። የሰፈራችንን ሰው መቼም ታውቁታላችሁ፤ ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በታች ካለው ወንዝ ሌላ ውኃ አይቶ የማያውቀው ሁሉ መርከብ እንዴት እንደሚጠለፍ ያስረዳል። እኔ ስሰማ ከረምኩና በሒሳብ ደብተሬ ጀርባ ድርሰት ጻፍኩ። ሦስት ሥራ ፈት ጓደኛሞች ወንበዴ ሊሆኑ ባህር ይወርዳሉ፤ አንዱ ዋና አይችልም፣ አንዱን ማዕበል ያዞረዋል፣ አለቃቸው ደግሞ ከፍታ ይፈራል። ለሰው ላሳየው አላሰብኩም። ጎረቤቴ ቢኒያም የቤት ሥራ ሊገለብጥ ደብተሬን ተውሶ፣ እንደ ልማዱ ከኋላ ጀመረ።

«ይሄ እኮ ፊልም ነው!» ብሎ በሩጫ መጣ።

የቢኒያም ወንድም ሠርግ በቪዲዮ ቀራጭ ነው። በዐቢይ ጾም ሠርግ ስለሌለ ካሜራውም አብሮ ይጾማል። ፋሲካ ከገባ ግን እስከ ክረምት አናገኘውም፤ ክረምት ሲመጣ ደግሞ ማን የት እንደሚሆን ማን ያውቃል። ስለዚህ ጾሙ ሊፈታ ሳምንት ሲቀረው፣ ካሜራው ለአንድ ቅዳሜ፣ ከአንዲት ባትሪ ጋር ተሰጠን። ባትሪዋ ካለቀች ፊልሙም ባለበት ይቀራል።

ባህሩን ሸራ በሜትር ከሚሸጥ ሱቅ አገኘነው። ሰማያዊ ነው።

«ለድንኳን ነው?» አለ ባለሱቁ።

«ለባህር ነው» አለ ቢኒያም።

ሰውየው ዓይኑን እንኳን አላርገበገበም። «የባህሩ ትናንት አለቀ። ይሄ የድንኳን ነው፤ ግን ለባህርም ይሆናል።»

መርከቡ ደግሞ ጭድ ተራ የቆመ፣ የፕላስቲክ ባልዲ እስከ አፉ የጫነ የጋሼ ሽፋ አይሱዙ ነበር። ጋሼ ሽፋ የባልዲ ነጋዴ ናቸው። መኪናቸውን ሲፈቅዱልን የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ የመርከቡ ካፒቴን ሆነው መሥራት። በቀጠሮው ቀን ነጭ ካፖርት ለብሰው መጡ። የት አገኙት ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ መርካቶ ነው ያለነው።

ሥራው መጀመሪያ አማረልን። የሰፈር ልጆች ሸራውን ዳርና ዳር ይዘው ሲያርገበግቡት ማዕበል ሆነ። የወንበዴዎቹ አለቃ የክፍላችን ልጅ ከድር ነው፤ አንድ ዓይኑን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኖ የእንጨት ጠመንጃ ይዟል። ጭነቱ ጫፍ ላይ ወጥቶ ገመዱን እንደ እናቱ አንገት አቅፎ ሲንቀጠቀጥ ሁላችንም ትወናውን አደነቅን። ትወና አልነበረም። እኔ ጎማው አጠገብ ደብተሬን ታቅፌ ተቀምጫለሁ፤ ሰው ፊት መናገር ስለማልደፍር የምለው ነገር ካለ በወረቀት ጽፌ ለቢኒያም አቀብላለሁ፣ ቢኒያም ይጮኸዋል።

ከዚያ ዘረፋው ተጀመረ። አንድ እስር ባልዲ ባህሩ ላይ ወደቀ። ሁለተኛው ተከተለ። ሦስተኛው ገና አየር ላይ እያለ አንድ ፉጨት ጭድ ተራን ሰነጠቀው።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይላሉ። እኛም ከሸራው ባህር ጋሽ ደሴን አወጣን። ጋሽ ደሴ የተራው ጫኝና አውራጆች አለቃ ናቸው። ለማታውቁ ልንገራችሁ፤ በዚህ አገር ጭነት መኪና የቆመበት ተራ የራሱ አውራጆች አሉት፤ ባለንብረቱ እንኳን የገዛ ጆንያውን በገዛ ትከሻው አያወርድም። ይህን ሕፃን ያውቃል። ደራሲዋ ረሳችው።

«ማነው ያወረደው?» አሉ ጋሽ ደሴ። ከኋላቸው ሰባት ስምንት ጎረምሳ ቆሟል።

«እኛ የባህር ወንበዴዎች ነን» አለ ከድር ከላይ፣ ዓይኑን እንደጨፈነ።

«ብትሆኑስ? መዝረፍ ዝረፉ፤ እሱ የእናንተና የባለንብረቱ ጉዳይ ነው። ማውረድ ግን የኛ ነው!»

«ጋሼ፣ ፊልም ነው እኮ» አለ ቢኒያም፤ «የውሸት ነው።»

«ባልዲውም የውሸት ነው?»

«ኧረ ባልዲውስ እውነተኛ ነው።»

«መሬት ነክቷል?»

«ነክቷል።»

«እንግዲያው ወርዷል።»

ጋሽ ደሴ ወደ ጋሼ ሽፋ ዞሩ። ካፒቴኑ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ሰቀሉ። «እኔን አትጠይቁኝ! እኔ ምርኮኛ ነኝ፤ አታዩም እንዴ?»

አውራጆቹ ሄደው ባህሩ ላይ ቁጭ አሉ። ማዕበሉ ቆመ። የካሜራዋ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። ቢኒያም ወደ ባትሪዋ፣ ከዚያ ወደ እኔ አየ። የጻፍኩት የመጀመሪያ ነገር፣ ባልዲ ላይ ወድቆ ሊሞት ነው።

«ለመሆኑ ድርሰቱን የጻፈው ማነው?» አሉ ጋሽ ደሴ። «አውራጅ የሌለበት ወደብ የት አየ?»

ሰው ሁሉ ወደ ጎማው ዞረ።

«አንቺ ነሽ? እዚህ አይደለም እንዴ ያደግሽው?»

ወረቀት ለመቅደድ እጄን ሰደድኩ። ግን ለቢኒያም ጽፌ፣ ቢኒያም አንብቦ፣ እስኪጮኸው ባትሪዋ አትጠብቅም። ተነሣሁ።

«ጋሼ… አሁን ያሉትን ካሜራው ፊት ይደግሙልናል?»

«የቱን?»

«መዝረፍ ዝረፉ ያሉትን።»

ጋሽ ደሴ ቀስ ብለው የሸሚዛቸውን ኮሌታ አስተካከሉ። «እሱን ብቻ? ሌላም አለኝ።»

እንዲህ ሆኖ ፊልማችን መጨረሻ አገኘ። ወንበዴዎቹ መርከብ ጠልፈው ወደብ ይደርሳሉ፤ አውራጆቹ ግን አይነቃነቁም። ወንበዴዎቹ ይለምናሉ፣ ይምላሉ፣ በመጨረሻ ጠመንጃቸውን ጥለው እጅ ይሰጣሉ። ከድር ከላይ መውረድ አቅቶት «አምላኬን አልችልም!» ሲል ጋሽ ደሴ፣ ማንም ሳይጽፍላቸው፣ «ይሄም ጭነት ነው፤ አውርዱት!» አሉ። የከድር እግር መሬት ሲነካ ባትሪዋ አለቀች። ከዚህ የተሻለ መጨረሻ ብቀመጥ አልጽፍም።

ከፋሲካ በኋላ፣ ሱቅ በተዘጋበት አንድ እሁድ ቀን፣ በጋሼ ሽፋ ሱቅ በር ቴሌቪዥን ተቀምጦ ፊልሙ ታየ። ጭድ ተራ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ዝናብ ማካፋት ጀምሮ ስለነበር ባህሩ አይሱዙው ላይ ተወጥሮ ባልዲውን ከውኃ ይጠብቃል። ሲያልቅ «ደራሲዋ ትታይ!» ተባለ። ልሾልክ ስል አውራጆቹ እጄን ይዘው መኪናው ላይ አወጡኝ። ያን ሁሉ ሰው ከላይ ሳይ የከድር ነገር ያን ጊዜ ገባኝ። እጅ ነሥቼ፣ ልወርድ አንድ እግሬን ሰደድኩ።

«ሃይ!» አሉ ጋሽ ደሴ ከታች ጣታቸውን ቀስረው። «ማውረድ የማን ሥራ ነው?»

እግሬን መለስኩና ተራዬን ጠበቅሁ። ምን ላድርግ? ራሴ ያስቀረጽኩት ሕግ ነው።