በሦስት ፕሮፎርማ የተመረጠው የዓሣ ዘንግ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ጠዋት ከቁም ሳጥኔ ሥር ምን እንዳወጣሁ ብነግራችሁ የዕድሜ ልክ የመንግሥት አገልግሎቴን ትጠራጠራላችሁ!

ፋይል ነው። አረንጓዴ፣ በክር የታሰረ። ሽፋኑ ላይ በራሴ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ረጅም፣ ስሜቱ ንቁ የሆነና ዋጋው ተመጣጣኝ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ግዢ።»

የመሥሪያ ቤት ግዢ እንዳይመስላችሁ።

ለአማቴ ነው!

ልጄ ጮክ ብላ አነበበችው፤ ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ፎቶ አንስታዋለች፣ ፖስት ማድረጓም አይቀርም። እንግዲህ ከእሷ ከምትሰሙት ከእኔ ብትሰሙት ይሻላል።

ጊዜው በእኛ አቆጣጠር የሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት የግዢ ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር። ራሴን ለማወደስ ሳይሆን፣ በአገልግሎቴ ዘመን ሁሉ ኦዲተር ከፋይሌ ውስጥ የጎደለ ገጽ አግኝቶ አያውቅም። (ይህን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉልኝ፤ መከራዬ ከእሱ ይጀምራል።)

አማቴ አባባ ደምሴ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ተወልደው እዚያው ዓሣ ሲያጠምዱ የሸበቱ ሰው ነበሩ። ለዓይን ሕክምና ጎፋ እኛ ቤት መጥተው ወራት ተቀመጡ። በመጨረሻ ሐኪሙ፣ የቀረዎትን ብርሃን ይዘው ይኖራሉ እንጂ ከዚህ በላይ አይመለስም አላቸው። ሰው ለእሳቸው ጥላ ሆኗል።

ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ።

«ቡሹ አይታየኝም እኮ፣ ታደሰ።»

ቡሹ ማለት ክሩ ላይ ታስሮ ውሃው ላይ የሚንሳፈፈው ነው። ዓሣ ትሉን ስትነካ ቡሹ ይጠልቃል፤ አጥማጁ ያንን አይቶ ይስባል። ቡሹን የማያይ ሰው ዘንጉን ሰቅሎ ቤቱ ይቀመጣል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ዝዋይ ማውራት አቆሙ። ቅዳሜ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሻንጣቸው ተዘጋጅቷል፤ እሳቸው ግን ለሻንጣው ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጣሉ።

ታዲያ እኔ ምን አልኩ? ዓይን እምቢ ካለ እጅ አለ!

ደሜ ሞቀ! በዚያው ዕለት መስፈርት አወጣሁ። ረጅም ይሁን፤ ጀልባ ላይ መውጣት ስለማይችሉ ከዳርቻው ሆነው ውሃው ዳር የበቀለውን ረጅም ሣር፣ ፊላውን፣ አሳልፈው መወርወር አለባቸው። ስሜቱ ንቁ ይሁን፤ ቆሮሶ የሚሏት ዓሣ እንደ ጨዋ እንግዳ ቀስ ብላ ነው የምታንኳኳው፣ ያ ማንኳኳት እጃቸው ድረስ መምጣት አለበት። ዋጋው ደግሞ የመንግሥት ደመወዝ የሚችለው ይሁን።

ከዚያም ሦስት ፕሮፎርማ ለመሰብሰብ ወጣሁ።

አትሳቁ።

እሺ፣ ሳቁ።

የመጀመሪያው ፒያሳ ያለ ሱቅ ነበር። ዘንጉ እንደ ገለባ ቀላል፤ ዋጋውን ስሰማ በሁለት እጄ ወደ ቦታው መለስኩት። ሁለተኛው የመርካቶ ነጋዴ ነው። የእሱ ዘንግ የውጭ አገር ሥራ ሆኖ ትንሽ ያገለገለ፣ እንደ ሬዲዮ አንቴና እርስ በርሱ የሚገባ፣ ሲመዘዝ አራት ሜትር የሚሆን! ሦስተኛዋ መካኒሳ አቦ የቀርከሃ ወንበርና አልጋ የምትሠራው ድንቅነሽ ነበረች፤ ሙያውን ከጨንቻ ከአባቷ ይዛ የመጣች።

ዘንግ የሚፈተንበትን ዘዴ ያስተማሩኝ ራሳቸው አባባ ደምሴ ናቸው። የዘንጉን ጫፍ ሰው ጉሮሮ ላይ ታስነካና አውራ ትለዋለህ፤ ድምፁ እጅህ ውስጥ ከገባ ዘንጉ ሕይወት አለው።

የመርካቶው ነጋዴ፣ ዕቃ ልትገዛ ነው ወይስ ጉሮሮ ልትመረምር እያለ አጉረመረመ። ድንቅነሽ ግን በጭስ የደረቀ ረጅም ቀርከሃ አንስታ ጫፉን ጉሮሮዋ ላይ አደረገችው።

«ምን ልበል ጋሼ?»

«የፈለግሽውን።»

«ወንበርም ግዛኝ፣ ወንበርም ግዛኝ፣ ወንበርም ግዛኝ።»

ቃሉ አንድ በአንድ መዳፌ ውስጥ ገባ!

በዚህ መሃል ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል የሚመጡ አንድ ሽማግሌ፣ ክራባት ያሰረ ሰው በአራት ሜትር እንጨት የሴት ጉሮሮ ሲወጋ አዩ። ጮኹ። ሰው ተሰበሰበ። የዓሣ ዘንግ እየመረጥኩ ነው ብዬ በትሕትና አስረዳሁ።

«በመካኒሳ ወንዝ?» አለ አንዱ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳቅ አልተርክም።

ክራባቴን አስተካክዬ ወደ ጀመርኩት ግዢ ተመለስኩና ድንቅነሽን ፕሮፎርማ ጠየቅኋት። ምንድነው አለችኝ። ዋጋሽ የተጻፈበት፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ነው አልኳት።

«ማኅተም የለኝም። አውራ ጣት አይሆንም?»

አይሆንም አልኳት።

ፋይሉ ላይ እስከ ዛሬ አለ፦ «ተጫራች ሦስት፣ በመስፈርቱ ሁሉ የላቀች፤ ሰነድ ባለማሟላቷ ውድቅ።»

ገንዘቡ እኮ የራሴ ነበር፣ ወገኖቼ! የገዛ ኪሴ! ማን ነው ኦዲት የሚያደርገኝ?

መርካቶ አሸነፈ። ዘንጉን ወደ ቤት ሳመጣ አባባ ደምሴ ሊይዙት እጃቸውን ዘረጉ። እኔ ግን እንዳይጫር ብዬ፣ ዝዋይ ስንደርስ አልኳቸውና በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀመጥኩት። ባለቤቴ አስቴር ፋይሉን አየች፣ አባቷን አየች፣ ምንም አልተናገረችም።

የአስቴር ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ ማወቅ ነበረብኝ።

ቅዳሜ አማቴን ላደርስ ስነሳ፣ አስቴር በአሮጌ አንሶላ የተጠቀለለ ረጅም ነገር አስታቀፈችኝ። «የእማዬ የሳሎን መጋረጃ መስቀያ ነው። አደራ እንዳይሰበር።»

አራት ሜትር መስኮት ያለው የትኛው ሳሎን ነው ብዬ አልጠየቅሁም። መስፈርት አዋቂው ሰውዬ!

ውይይት ታክሲ ውስጥ የጥቅሉ ግማሽ በኋላ በኩል ወጥቶ፣ ግማሹ የተሳፋሪ ጭን ላይ ተኝቶ፣ ስሰደብ ሄድኩ። አውቶቡስ ተራ ጣራ ላይ አሳሰርኩት። እስከ ዝዋይ ድረስ፣ መጋረጃ መስቀያ በአገሩ የጠፋ ይመስል እያልኩ አጉረመረምኩ። አባባ ደምሴ ወደ መስኮቱ ዞረው ፈገግ ይላሉ። በእኔ ዘንግ የተደሰቱ መስሎኝ!

በማግሥቱ ሐይቁ ዳር ቆምን። አስቴር አደራ ያለችው ጥቅልም፣ አባባ ይዘኸው ና ስላሉኝ፣ ከእኛ ጋር ነው። የመርካቶውን ዘንግ በየመገጣጠሚያው መዘዝኩ፣ ትል ሰካሁ፣ ወረወርኩ፣ በሁለት እጄ እንደ ሽልማት አቀበልኳቸው።

ነፋስ መጣ።

መገጣጠሚያው ሁሉ ተንቀጠቀጠ። አባባ ሳቡ፤ ባዶ። ደግመው ሳቡ፤ ባዶ። ብዙ ጊዜ ከሳቡ በኋላ እጃቸው ዛለ፣ ፊታቸውም ያን የታክሲውን ቀን ፊት መሰለ።

«ታደሰ፣ ይሄ ዘንግ ወሬኛ ነው። ነፋሱንም ይነግረኛል፣ ማዕበሉንም ይነግረኛል። እሷ ስትመጣ ማንን ልመን?»

እስቲ እኔ ልሞክር ብዬ ተቀበልኳቸው። ጭብጥ አድርጌ ያዝኩ።

ትር! ትር! ትር!

እዚህ ናት! ትልቅ ናት! አባባ፣ መጣች ብዬ ባለ በሌለ ኃይሌ ሳብኩ። ትሉ በራሴ ላይ በርሮ ከኋላዬ ሣር ላይ ወደቀ። መልሼ ወረወርኩ። ትር፣ ትር፣ ትር! አሁንም ሳብኩ!

አባባ ደምሴ ቀስ ብለው የእጄን አንጓ ያዙ። ጥቂት አዳመጡ።

«ልጄ፣ ይሄ የራስህ ደም ሥር ነው።»

የራሴን የልብ ምት ሳጠምድ ነበር!

በአጠገባችን መረብ ይጠግኑ የነበሩ ሰዎች መርፌያቸውን ጥለው ሳቁ።

«በል አሁን፣» አሉ አባባ፣ «የአስቴርን እናት መጋረጃ መስቀያ ፍታልኝ።»

አንሶላውን ፈታሁ። በጭስ የደረቀ ቀርከሃ፤ ክርና መንጠቆ ሳይቀር ታስሮበታል።

ተጫራች ሦስት!

ውድቅ ያደረግኋትን ከጎፋ እስከ ዝዋይ በትከሻዬ የተሸከምኳት እኔው ነኝ!

ለካ ሐሙስ ዕለት አስቴር አባቷን መካኒሳ ወስዳቸው፣ እሳቸው የድንቅነሽን ቀርከሃ ሁሉ እየዳሰሱ ራሳቸው መርጠው ኖሯል። ለምን አልነገሩኝም ብዬ ጠየቅሁ።

«አንተ ደስ ብሎህ ነበር እኮ፣» አሉኝ።

ወረወሩ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ነፋሱ ነፈሰ፤ እሳቸው አልተነቃነቁም። ከብዙ ቆይታ በኋላ አውራ ጣታቸው ብቻ ትንሽ ከፍ አለች።

«አንኳኳች።»

ትንፋሼን ያዝኩ።

«አሁን ገባች።»

ቀርከሃው ጎበጠ፣ ውሃው ተከፈለ፣ ቆሮሶዋ እየተገላበጠች ወጣች! አባባ ደምሴ ሳቁ። ጎፋ ከመጡ ጀምሮ ያን ሳቅ ሰምቼው አላውቅም። እኔማ ከነቢሮ ጫማዬ ውሃው ውስጥ ነበርኩ!

ከዚያ እጄን ወስደው ከእጃቸው ሥር ቀርከሃው ላይ አኖሩት። አትጨብጥ፣ እንቁላል እንደያዝክ ያዝ አሉኝ። ጠበቅን። መጣች፤ በጣም ቀስ ብላ፣ አንዴ ብቻ። ስንት የደብዳቤ ቁጥር ረስቻለሁ፣ ያቺን ማንኳኳት ግን መዳፌ እስከ ዛሬ አልረሳትም።

ሰኞ ከሥራ ስወጣ ፋይሉን ይዤ መካኒሳ ሄድኩ። ለድንቅነሽ ውሳኔው መሻሻሉን በክብር አስታወቅሁ።

«ዘንጉ ሄዷል፣ ዓሣውም ተበልቷል። ወረቀቱ ምን ያደርግልሃል ጋሼ?»

ፋይል መሟላት አለበታ! የማኅተም ቀለሜን ከፈትኩላት። አውራ ጣቷን ነክራ ልክ «ውድቅ» ከሚለው ቃል ላይ አሳረፈችው። ልጄ ፎቶ ያነሳችው እሱን ነው።

የመርካቶው ወሬኛስ? አሳጥረን የአማቴን ሳሎን መጋረጃ ሰቀልንበት። ለመጋረጃ ተወዳዳሪ አልነበረውም። ሰነዱም የተሟላ ነበር።

እስቲ ኮሜንት ላይ በእውነት መልሱልኝ፦ ዘንጉን የሚይዘው ሰው አጠገባችሁ እጁን ዘርግቶ ሳለ፣ ማኅተም ፍለጋ መርካቶ የሄደ ከእኔ ሌላ ማን አለ?