ለውዝና ሲሚንቶ

ከተማ ሰውን ምን እንደሚያደርገው እንጃ፤ ባዶ መሬት ካየ እጁን ይበላዋል። ገጠር ተወልዶ ጭቃ አቡክቶ ያደገው እንኳ ባሕር ዳር ገብቶ ካርታ ከያዘ ወዲያ፣ አፈር መታየቱ የሚያስነውረው ይመስል ግቢውን ከአጥር እስከ አጥር ሲሚንቶ ያለብሰዋል። ከዚያ ሙቀቱ አላስቀምጥ ሲለው ነፋስ ፍለጋ ጣና ዳር ይወርዳል። እናንተዬ፣ የግቢውን ነፋስ ማን አባረረው?

እኔ ከዩኒቨርሲቲው ከፔዳ ግቢ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቼ የምኖር ደመወዝተኛ ነኝ። ቤቱ የእማማ አትጠገብ ነው። እማማ ይፋግ አካባቢ ከገበሬ ቤት የወጡ፣ ጥርሳቸውን ለዕድሜ አስረክበው ምላሳቸውን ያስቀሩ አሮጊት ናቸው። ከክፍሌ በር ፊት ለፊት ሁለት አልጋ ቢዘረጋ የምትሞላ መሬት አለች። “እባክዎ ላልማት” ብያቸው ፈቀዱልኝና ሰኔ ሲገባ ለውዝ ዘራሁባት።

ዘሩ ብቅ እንዳለ ልጃቸው ይበልጣል መጣ። ያችን መሬት ለተማሪ የሚከራይ ክፍል ሊሠራባት ቆርጧል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሲሚንቶ የሚወድ ሰው ነው። እማማ ግን “አዝመራ ቆሞበት እንዴት ይቆፈራል? ነውር አይደለም እንዴ! መጀመሪያ ይሰብስብ” አሉት። እኔም በልቤ፣ ይህን ለውዝ አፍርቼ ካላሳየሁት የአባቴ ልጅ አይደለሁም አልሁ። መሬቷ ምን እንደምትሰጥ በዓይኑ ካየ ይራራላት ይሆናል።

ለውዝ ደግሞ ለክርክር የማይመች ምስክር ነው። ቢጫ አበባ ያወጣል፤ አበባው ሲረግፍ ቀጭን ክር የመሰለ ነገር ወደ ታች ይሰድና አፈር ውስጥ ገብቶ፣ እዚያው ተደብቆ ያፈራል። ከሥራ ስመለስ ጎንበስ ብዬ አረሙን እየነቀልሁ፣ ሥሩን አፈር እያስታቀፍሁ አመሻለሁ። ይበልጣል በመጣ ቁጥር ቅጠሉን ገልጦ፣ “የታለ ፍሬው? ጎመን ብትተክል እንኳ ወጥ ይሆንህ ነበር” ይለኛል።

“ቆይ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” እለዋለሁ። ቆይ ማለት የገበሬ ግማሽ ሥራው ነው።

ጥቅምት ላይ ቅጠሉ ሲገረጣ ይበልጣልን ጠርቼ፣ ዓይኑ እያየ አንዱን ነቀልሁ። ከሥሩ ለውዙ ዘለላ ሆኖ ተንጠልጥሎ ወጣ። “ወይ ጉድ!” አለ። አፈሩን አራግፎ፣ ፈልፍሎ በላ፤ ሌላም ደገመ። አሸነፍሁ ብዬ ደረቴን ስነፋ አፉን ጠረገና፣ “እሰይ፣ ደረሰልህ። በል እንግዲህ ሰብስብ፣ አሸዋው ይመጣል” አለኝ።

አያችሁ ጉዴን? መሬቷን ያቆየልኝን አዝመራ በገዛ እጄ ነቀልሁት።

ከፋኝ። እውነቴን ነው፣ በጣም ከፋኝ። ለውዙን ለቅሜ፣ አድርቄ ለጎረቤት አደልሁ። ለእማማም ጥርስ እንደሌላቸው ስለማውቅ፣ “ቆልቼ፣ ወቅጬ ላምጣልዎ” አልኋቸው።

“አትቁላው። ጥሬውን ስጠኝ።”

“ጥሬውን ምን ያደርጉታል?”

“አንተ ምን ቸገረህ? ስጠኝ አልሁህ!” ተቀበሉና በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ገቡ።

አሸዋው መጥቶ አጥር ሥር ተከመረ። ግንበኛው ግን የያዘው ሥራ አላልቅ ብሎት ዘገየ። እኔም በመሥሪያ ቤት ጉዳይ ቆላ ድባ ሄጄ ሰነበትሁ። የተመለስሁ ዕለት ይበልጣል ግንበኛውን አስከትሎ፣ አካፋ ይዞ ከመሬቷ ጫፍ ቆሞ አገኘሁት። መሬቷ አረንጓዴ ሆናለች። የለውዝ ቡቃያ!

“ይህ ያንተ ተንኮል ነው!” አለኝ።

“ኧረ እኔ ገና ከመንገድ መግባቴ ነው!”

እማማ ከደጃቸው ብቅ አሉ። “ሲለቀም አፈር ውስጥ የቀረው ነዋ! ለውዝ መቼ ተለቅሞ ያልቃል? እግዜር የዘራውን በአካፋ ልትገለብጠው ነው? አዝመራው ይሰብሰብ፤ ያን ጊዜ እናያለን።”

ይበልጣል እናቱን ያውቃል። አካፋውን አጥሩ ላይ አስደግፎ፣ ግንበኛውን ይዞ ወጣ።

እኔ ደስታዬን ይዤ ቡቃያው ላይ ጎንበስ አልሁ። ዝናብ ካቆመ ሰነባብቷል፤ አፈሩ ግን እርጥብ ነው። ቡቃያውም ረድፉን ጠብቆ፣ ከዳር እስከ ዳር ተሰልፎ ነው የወጣው። ተንጠባጥቦ የቀረ ዘር እንዲህ ሲሰለፍ አይቼ አላውቅም። ቀና ስል እማማ ከውሃው በርሜል አጠገብ ባዶ ጆግ ይዘው ቆመዋል።

“ምን ታየኛለህ?” አሉኝ፤ “አረሙን ንቀል እንጂ!”