የጓድ ኤውሴቢዮ የእሑድ ድርድር

ሃቫና ውስጥ ሁሉ ነገር ሊጠፋ ይችላል፤ እንቁላሉም፣ መብራቱም፣ አውቶብሱም። የማይጠፋው ለምን እንደጠፋ የሚያስረዳ ሰው ብቻ ነው።

የእኛ ሕንፃ አስረጂ ክቡር ጓድ ኤውሴቢዮ ናቸው። ሊፍቱ ቆመ? "የአሜሪካ ከበባ ነው።" ዳቦው ኮመጠጠ? "ከበባው ነው።" ሦስተኛ ሚስታቸው ከታክሲ ነጂ ጋር ስትኮበልል እንኳ የአሜሪካ እጅ እንዳለበት ጠርጥረዋል።

እሑድ እሑድ እኔ ቤት ይመጡና በእኔ ስልክ፣ ድምፁን ለሁላችን ለቀው፣ አሜሪካ ማያሚ ካለችው ታናሽ እህታቸው ከኔሬይዳ ጋር ያወራሉ። ያወራሉ ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ሁለት መንግሥታት ሳሎኔ ውስጥ ይዋጋሉ። እሳቸው የማታውን ዜና፣ እሷ የማያሚን ሬዲዮ ቃል በቃል ሸምድደዋል። ከበባ የሚባል ነገር የለም ባይ ናት፤ ያለው ማዕቀብ ነው፣ እሱም ሹሞቹን እንጂ ሕዝቡን አይነካም፣ የምትበሉት ዶሮ ሳይቀር ከእኛ ነው የሚመጣው ትላለች። ተጨቃጭቀው ሲያበቁ የልብ መድኃኒታቸውን በመንገደኛ ትልካለች።

ባለፈው ወር ግን "የምትውጠው ኪኒን የማን ይመስልሃል?" አለቻቸው። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጉት። የቀራቸው የአምስት ቀን ኪኒን ነበር።

ከዚያ ወዲያ መቀመጥ እምቢ አላቸው። ስድስቱን ፎቅ ይወርዳሉ፣ ይወጣሉ፣ በየደረጃው ትንፋሽ አጥሯቸው ይቆማሉ። ይደውሉላት ስላቸው "ለከበባ አልንበረከክም" ይሉኛል። ኪኒኑ አልቆ ከንፈራቸው ጠቁሮ ያየሁ ዕለት ሽምግልና ገባሁ። ለኔሬይዳ ደውዬ ወንድምሽ ጥፋቱ የመንግሥታችን ነው ብለዋል አልኳት። ለሳቸው ደግሞ እህትዎ ከበባ መሆኑን አምናለች አልኳቸው። መድኃኒቱ በማግስቱ ደረሰ።

እሑድ መጣ። ሁለቱም ያሸነፉ ስለመሰላቸው ደግነታቸው አይጣል ነው። ስለ ጉልበቷ ጠየቋት፣ ስለ እንቅልፋቸው ጠየቀቻቸው። ቤቴ ለቅሶ ቤት መሰለ። እውነቱን ልናገርና ጭቅጭቃቸው ናፈቀኝ፤ ከመስኮት በር ስንጎራደድ ቆይቼ አላስቻለኝም።

"እንግዲህ ከበባ ነው ማዕቀብ?" አልኩ።

"ራሷ አምናለች እኮ፣ ከበባ ነው" አሉ ጓድ ኤውሴቢዮ።

"እኔ? ጥፋቱ የመንግሥታችን ነው ያልከው አንተ አይደለህ እንዴ?"

ጓድ ኤውሴቢዮ ቀስ ብለው ዞረው አዩኝ።

"ኔሬይዳ፣ ይቺ ዙሌማ ተጫወተችብን።"

"አሁን ገና ገባኝ፣ ወንድምዓለም። ድሮም አላመንኳትም።"

በሃያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ፤ ውሸታም መሆኔን። ለምን እንደዋሸሁ ግን መስማማት አልቻሉም።

"መድኃኒት ባትከለክሉን መች ትዋሽ ነበር?" አሉ።

"ውሸት ያስተማራት መንግሥትህ ነው!"

የጓድ ኤውሴቢዮ ፊት ደም መለሰ። እኔም ከስንት ቀን በኋላ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።