በእንግሊዝኛ ያሞገስኳት

ፍቅርን በእንግሊዝኛ የምንገልጸው ቋንቋውን ስለምንችል እንዳይመስላችሁ። አማርኛው ስለሚያሳፍረን ነው። «እወድሻለሁ» ሊል ሲል ጉሮሮው የሚደርቅ ጎረምሳ፣ «አይ ላቭ ዩ»ን እንደ ሰላምታ ይበትነዋል።

እኔም ከዚሁ ወገን ነኝ። የምወዳት ልጅ ህይወት ድሬ ውስጥ አንድ የጉምሩክ አስተላላፊ ቢሮ ትሠራለች። አጠገቧ ስቀመጥ ጫማዬን አውልቄ ቤቴ የገባሁ ያህል ይቀለኛል። ይህን በአማርኛ ልበላት? በሀፍረት እሞታለኋ! ለእሁድ ሽማግሌ ልልክ ተነጋግረን ስለነበር፣ መንገድ መጥረጊያ ትሁን ብዬ በስልክ «ዩ አር ሆምሊ» ብዬ ጻፍኩላት። ፍሬንድ ብሎ ፍሬንድሊ ካለ፣ ሆም ብሎ ሆምሊ ምን ይጎድለዋል?

መልስ የለም። ስደውል ይጠራል፣ አታነሳም። ጭንቅ ሲለኝ ሳቢያን ሰፈር ስልክ ለሚሸጠው ጓደኛዬ ለአብዲ አሳየሁት። መዝገበ ቃላት ከፍቶ ራሱን ያዘ። ወላሂ፣ ልጅቷን ፉንጋ ነው ያልካት አለኝ። ለካ ቃሉ እንግሊዝ አገር ቤት ቤት የሚል፣ ደስ የሚል ነገር ነው፤ ውቅያኖስ ተሻግሮ አሜሪካ ሲገባ ነው መልከ ጥፉ የሆነው። እኔ እኮ የእንግሊዙን ነው ያልኩት ብዬ ተሟገትኩ። አንተም የድሬ፣ እሷም የድሬ፤ እንግሊዝና አሜሪካ በመሀላችሁ ምን ጥልቅ አደረጋቸው አቦ? ሂድና አስረዳት ብሎ ከሱቁ ገፍቶ አስወጣኝ።

በባጃጅ ሄጄ ቢሮዋ በር ላይ ቆምኩ። የእንግሊዙን ትርጉም ስልኬ ላይ ከፍቼ እንደ ጠበቃ ተዘጋጅቻለሁ። ወጣች። አፌን ሳልከፍት ቀደመችኝ። መጀመሪያ አልቅሳ እንደነበር ነገረችኝ። ቀጥላ ግን፣ እስከ ዛሬ የመጣው ወንድ ሁሉ ቆንጆ ነሽ፣ ጨረቃ ነሽ እያለ ሲቀድባት እንደኖረ፣ እውነቱን ፊት ለፊት የነገርኳት እኔ ብቻ እንደሆንኩ፣ እንዲህ ያለውን ሰው ደግሞ ለትዳር እንደምታምነው ተናገረች። ሽማግሌዎችህ እሁድ ይምጡ አለችኝ።

እስቲ እናንተ ፍረዱ! ተሳስቼ ነው ብል፣ ከውሸታሞቹ ልደመር ነው። ዝም ብል፣ ፉንጋነቷን በፊርማዬ ማጽደቄ ነው። ለእኔ ደግሞ ከድሬ ሴት ሁሉ የምታምረኝ እሷ ነች! ስልኬን ቀስ ብዬ ኪሴ ከተትኩና እሺ አልኩ።

ተጋባን። ባለፈው ሰርግ ተጠርተን አዲስ ቀሚስ ለብሳ ብቅ ስትል ራሴን መቆጣጠር አቃተኝና፣ በንጹህ አማርኛ፣ አንቺ እኮ በጣም ቆንጆ ነሽ አልኳት። ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ አንተም እንደነሱ መቅጠፍ ጀመርክ? ብላ፣ ገብታ ቀሚሱን ቀየረችው።