ያልተጠየቀ አገር

ይድረስ ለኦስሎዋ ሞርተንሩድና ለአካባቢዋ ጭቁን ሕዝብ! ለነቃውም፣ ለተደራጀውም፣ ባቡር ላመለጠውም! ቁመታቸው ከሚነዱት አውቶቡስ መሪ እምብዛም የማይዘል፣ ስልካቸው ግን የመላውን ስካንዲኔቪያ ሀበሻ የተሸከመ ክቡር አቶ አበጋዝ፣ ሿሚም ጠያቂም ሳይኖር በኖርዌይ የሀበሻ ጉዳይ የበላይ ጠባቂ መሆናቸው ታውጇል። ተቃዋሚ ካለ ስልኩን ይዝጋ። እሱም አያድነውም።

ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። ኦስሎ ግሮንላንድ ሰፈር ጤፍ ሊገዛ ገብቶ፣ የማያውቀውን ሰው ዘር እስከ ቅድመ አያቱ አጣርቶ፣ ጤፉን ረስቶ የሚመለስ። አውሮፕላን ገና መሬት ሳይለቅ ቀበቶውን ፈትቶ፣ "ሀበሻ ነህ?" ሊል ከወንበር ወንበር የሚሻገር። የክቡርነታቸው መፈክር አንድና አንድ ነው፦ "ሀበሻ የሌለበት አገር የለም፤ ያልተጠየቀ አገር ነው ያለው።"

ባለቤታቸው ቆንጂት፣ መሀል ከተማ ሴንትሩም ቢሮ ስታጸዳ የምትውል ሴት፣ "ዘንድሮ ማደሪያ ያለው ካራቫን ተከራይተን ወደ ሰሜን እንሂድ" ያለችው አየር መለወጥ አምሯት አልነበረም። ታናሽ ወንድሟ ኪዱ በሰሜን ጠረፍ ከአንዱ ዓሣ ፋብሪካ ወደ ሌላው እየዞረ ይሠራል። ከፋሲካ ወዲህ ስልኩ አይነሳም። ይህን ለባሏ ትንፍሽ አላለችም። እንዴት ትበል? አበጋዝ የሰሙትን እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይሰማዋል፤ ሰኞ ባሕር ተሻግሮ እናቷ ጆሮ ይገባል፤ ማክሰኞ ድንኳን ይተከላል። ስለዚህ ፍርሃቷን ዋጥ አድርጋ፣ በየመንገዱ በዓይኗ ብቻ ልትፈልገው ተነሳች።

ክቡርነታቸው ግን መንገዱን መንገድ አላደረጉላትም። ፈረንጅ ከዓለም ዳርቻ ሊያየው የሚመጣውን ተራራና ፏፏቴ ቀና ብለው ሳያዩ ያልፉና፣ ካራቫኑን ነዳጅ ማደያ፣ ይባስ ብሎ ዓሣ ፋብሪካ በር ላይ ይገትሩታል።

"ምናለ እንደ ሰው አንድ ቀን ፏፏቴ ሥር ብናርፍ?"

"ፏፏቴ ሥር ማን አለ?"

አንዲት ማደያና አንዲት ቤተ ክርስቲያን ካላት ከተማ ደረሱ። አበጋዝ ገንዘብ ተቀባይዋን፣ "እዚህ እኔን የሚመስል ሰው አለ?" ብለው ጠየቁ። ልጅቷ አየቻቸው። ደግማ አየቻቸው። ከዚያ ጓዳ ገብታ እናቷን ጠራች። እናትየዋ አሰበችና አንድ የስሪላንካ ታሚል ይዛ መጣች። ሁለቱ ሰዎች ሲጨዋወቱ አመሹ፤ ሲለያዩም ተቃቅፈው ነው።

"ኧረ ሀበሻ አይደለም!" አለች ቆንጂት።

"ለጥቂት ነው የሳተው" አሉ፣ ቁጥሩን እየመዘገቡ።

በሚቀጥለው ከተማ ሲከየሙ፣ ማለት አረጋውያን መጦሪያው፣ ውስጥ ዘለቁ። ሰሎሜ የምትባል ነርስ ከኮሪደሩ ጫፍ ስታያቸው ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብታ በሩን ቀረቀረች። አንኳኩ።

"ማነው?"

"ወገን ነው።"

"የኔ ጌታ፣ ከኦስሎ እዚህ ድረስ የሸሸሁት እኮ ከወገን ነው!"

"እንኳን ሸሸሽ! ባትሸሺ መች እንገናኝ ነበር? የማን ልጅ ነሽ?"

በሩ ተከፈተ። መቼም ይከፈታል። አበጋዝና ሰሎሜ ጥግ ይዘው ተንሾካሾኩ፤ ቆንጂት ስትጠጋ ጸጥ አሉ። ሰሎሜ የቆንጂትን ዓይን ሸሽታ፣ "ወደቡ ጋ የሚሠሩ ልጆች አሉ፤ እኔም ወደዚያው ነኝ፣ በመኪናዬ ልምራችሁ" አለች። ሀበሻ ጸጥ ሲል አትውደድ።

ወደቡ ዳር አደሩ። ፀሐይ በማትጠልቅበት አገር ንጋት በሰዓት ካልሆነ አይታወቅም። ቆንጂት ስትነቃ አበጋዝ ከጎኗ የሉም። መጋረጃውን ገለጥ ብታደርግ፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ይመጣሉ። ከኋላቸው ሰሎሜ፣ ጥቁር ካፖርት ለብሳ። ከእሷ ኋላ ደግሞ ሌሎች ሀበሾች፣ በጣታቸው ጫፍ እየረገጡ፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ።

በማለዳ፣ በቡድን፣ በዝምታ! ከመርዶ በቀር እንዲህ የሚመጣ ነገር የለም። ቆንጂት እስኪነግሯት አልጠበቀችም። በሩን በርግዳ ወጣችና ደረቷን ደለቀች፦

"ወንድሜን! ወንድሜን!"

ጎረቤት ካራቫን ደጃፍ ጥርሱን ይፋቅ የነበረ ጀርመናዊ ብሩሹን እንደጎረሰ ቀረ። ሀበሻ ደግሞ ለቅሶ ሲሰማ መጀመሪያ ያለቅሳል፤ ማን እንደሞተ ኋላ ይጠይቃል። ሁሉም አብረው ጮኹ። ከሁሉ አብልጦ የሚጮኸው የመጨረሻው ነበር፤ ክንዱን የሚያህል ዓሣ አቅፎ፦

"እማዬ ናት? እህቴ ንገሪኝ፣ እማዬ ናት?"

ኪዱ ነው። በገዛ ለቅሶው ላይ ቆሞ የሚያለቅስ።

"አንተ ነህ!" አለች ቆንጂት።

"እኔ? ናይ፣ ኧረ አይደለም! እኔማ ደህና ነኝ!"

መጀመሪያ በጥፊ አለችው፤ ከዚያ ከነዓሣው አቀፈችው። ስልኩ ከጀልባ ላይ ባሕር ገብቶበት፣ የማንንም ቁጥር በቃሉ ሳያውቅ፣ "ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ፤ በቆየሁ መጠን አፈርኩ" አለ። ቆንጂት ሳቀች፣ አለቀሰች፣ ዓሣውን ተቀበለች።

"በጣታችሁ የምትራመዱትስ?" አለች ወደ ባሏ ዞራ።

"ሳትነቂ እሱን ደጃፍሽ ላቆምልሽ ብዬ ነዋ።"

"መጥፋቱን መች አወቅህ?"

"'ኪዱ ሰላም ብሎሃል' ማለት ስታቆሚ።"

"ታዲያ ለማን ነገርክ?"

"ለሰሎሜ፣ ትናንት። ለሌላ ለማንም።"

ቆንጂት ያለፈችባቸውን የዓሣ ፋብሪካ በሮች አንድ በአንድ አስታወሰች። ሞርተንሩድን በወሬ የሚያስተዳድረው አፍ ከፋሲካ ጀምሮ ተዘግቶ መክረሙን ያን ጊዜ አወቀች። ሹመቱ በዚሁ ጸድቋል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ነገ ቲባነ ባቡር ላይ አንድ አጭር ሰው ትከሻህን ነካ አድርጎ "ሀበሻ ነህ?" ቢልህ፣ ማዳመጫህን ጆሮህ ውስጥ ልትወትፍ እንደምትቸኩል አውቃለሁ። ብቻ ከመወተፍህ በፊት፣ እባክህ፣ "የማን ልጅ ነህ?" ሲልህ መልስለት፤ የጠፋህ ዕለት የሚፈልግህ እሱ ነው።